አዲሶቹ ከኋላ

መርሳ ላይ ጎማ ያስቀየረ ሹፌር ሁሉ ከፀጋይ ጋር ሳይጣላ አይሄድም ነበር። ጠቡ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለት አዲስ ጎማ ይዞ የመጣ ሰው "ከፊት አድርግልኝ" ይላል፤ ፀጋይ ከኋላ ይገጥማል። "የት ላድርጋቸው?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ባለመኪናው ሻይ ሊጠጣ መንገዱን ተሻግሮ ቶይባ ቤት ሲገባ ጠብቆ ሥራውን ይጨርስና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይቆማል። ጩኸቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ መሪው እኮ ያለው ከፊት ነው!"

"አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሳየው ኖርኩ።"

"የፊቱ ቢፈነዳ የምሞተው እኔ አይደለሁም?"

"ስማኝ ልጄ። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት መሪው ይነግርሃል፤ እግርህን ከነዳጁ ታነሣለህ፣ ትተርፋለህ። የኋላው ሲንሸራተት ግን ማንም አይነግርህም። መኪናው ዞሮ የመጣህበትን መንገድ ነው የሚያሳይህ።"

ይህቺን ንግግር ሹፌሮቹ በቃላቸው ይዘዋታል፤ ድምፁን እየኮረጁም ይስቁባታል። እሱ ግድ የለውም። ሥራው ሲያልቅ በቢጫ ቀለም ከእያንዳንዱ ብሎን እስከ ቸርኬው ድረስ አንድ ቀጭን መስመር ይስባል። ብሎኑ መንገድ ላይ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ያውቃል። ከወልድያ እስከ ደሴ ቢጫ መስመር ያለው ጎማ ካያችሁ፣ ባለቤቱ አንድ ቀን መርሳ ላይ ከፀጋይ ጋር ተጣልቷል ማለት ነው።

ከሁሉም አብዝቶ የሚጣላው ሞላ ነበር። ሞላ እዚሁ አጠገብ የግራና ልጅ ነው፤ ከወልድያ ደሴ ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ ይነዳል። ፀጋይ ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመቱ ከትግራይ፣ ከመሖኒ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ ጎማ ፈንድቶ መርሳ ያደረ፣ ያቺ አንዲት አዳር ሠላሳ ዓመት የሆነችበት ሰው ነው። ከሚስቱ ከዘነበች ጋር ያገናኘው ሞላ ነው፤ የሞላ የአክስት ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ልኮ ያጋባውም እሱ ነው። ዘነበች ስትሞት ዶማ ይዞ መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጎማ ተጨቃጭቀው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞላ "ካፈርኩ አይመልሰኝ" እያለ፣ መኪናው ግን አዲሶቹን ከኋላ አድርጎ ይሄድ ነበር።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ጠቡ ቀነሰ። ፀጋይን ያስፈራው ይኸው መቀነሱ ነው። ሹፌሮቹ መጀመሪያ "እሺ ጋሽ ፀጋይ፣ እንዳሉ" ማለት ጀመሩ፤ ቀጥለው መምጣቱንም ተዉት። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ሁለት ጊዜ ለጥያቄ ተጠርቶ ሄዶ ተመልሷል፤ እሱም ቢሆን በትሕትና ነው። ግን "እንዴት አደሩ? ልጅዎ ደህና ናት? ሲሪንቃ በኩልስ ዝናቡ እንዴት ይዞታል?" ሲባልበት የኖረው ደጅ "ደህና?" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ልጁ ሰምሃር አዲስ አበባ ናት። በስልክ "አባዬ፣ ትግርኛ እንዳታወራኝ፣ ሰው ይሰማል" ያለችው ቀን ስልኩን ዘግቶ ብዙ ሰዓት አንድ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ሞላ ብቻ አልተለወጠም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወልድያ ተጨንቃ ሰው ወደ ደሴ መፍሰስ ሲጀምር የደወለለት እሱ ነው።

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ። አራቱም ጎማ ራሰ በራ ሆኗል፤ ሁለት አዲስ አግኝቻለሁ። ታስገባልኛለህ፤ ከዚያ አብረን ወደ ደሴ። ጋቢናውን ላንተ ይዤዋለሁ።"

"እኔን ኬላ ላይ ያወርዱኛል ሞላ።"

"እኔ አጠገብህ እያለሁ ማን አባቱ ነው የሚያወርድህ! ሻንጣህን ይዘህ ጠብቀኝ፣ አቦ።"

ፀጋይ ሻንጣውን አሰረ። ሁለት ሸሚዝ፣ የዘነበችን ፎቶ፣ ከመፍቻዎቹም የማይለየውን አንዱን ከተተ። ከሁሉ የሚፈራው ጥይቱን አልነበረም፤ እዚህ ብቻውን መቅረቱን ነበር። የሚመጡት የትግራይ ተዋጊዎች በቋንቋው የእኛ ነው ብለው ሊቀርቡት ነው፤ የሚሸሹት በቋንቋው የእነሱ ነው ብለው ሊርቁት ነው። ከሁለቱ መካከል ያቺ ጋቢና ነበረችለት።

በማግሥቱ ዝናብ ነበር። ዶልፊኑ ጣሪያው ላይ ፍራሽና ጀሪካን ቆልሎ፣ ሆዱ ውስጥ ሃያ ሰው አጭቆ መጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሰዉ በነዚያ ጎማዎች ላይ የወጣው ጨንቆት ነው። የኋላዎቹ ጥርስ ጨርሶ ጠፍቶ እንደ ሳሙና ለስልሰዋል። የፊቶቹ ትንሽ ይሻላሉ። ሞላ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ተሳፋሪውን ዳር አውርዶ ሁለቱን አዲስ ጎማ ከጣሪያ ጣለና "ቶሎ በል" አለ።

ፀጋይ እንደ ልማዱ ክሪኩን ከኋላ አስገባ። አንዱን ጎማ ፈትቶ አዲሱን ሊያስገባ ሲያነሣ፣ ጃኬት የለበሰ አንድ ተሳፋሪ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ወጥቶ መጣ።

"ምንድን ነው የሚሠራው ይሄ ሰውዬ? አዲሱን ከኋላ?"

ሰውዬው ወደ ሞላ ዞረ።

"ሹፌር፣ አንተ ዝም ትላለህ? ያለቀውን መሪው ላይ ትቶ፣ በዚህ ዝናብ፣ በውጫሌ ጥምዝምዝ መንገድ ሊሰደን እኮ ነው! ማን እንደሆነ አታውቅም?"

ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ፀጋይ ጎማውን እንደያዘ ሞላን አየው። የሚጠብቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር። "ተወው፣ ይሄ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው ያደረቀኝ" ቢል ይበቃ ነበር። ሰዉ ይስቅ ነበር፤ ነገሩም ያልፍ ነበር።

ሞላ መሬት መሬት አየ። ከዚያ "ከፊት አድርገው" አለ።

"ሞላ..."

"ከፊት አድርገው አልኩህ። በቃ።"

ፀጋይ ሺህ ጊዜ የተናገራት ንግግር አፉ ላይ ነበረች፤ መሪው ይነግርሃል፣ የኋላው አይነግርህም። ግን አሁን ቢናገራት እውቀት አትሆንም፤ ሤራ ትሆናለች። አጥብቆ በተከራከረ ቁጥር ሊገድላቸው አጥብቆ የፈለገ ይመስላል። ስለዚህ ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ዝም ያለው በፍርሃት ብቻ አይደለም። ኩርፊያም ነበረበት። "እንግዲያስ እንደፈለጋችሁ ሁኑ" ብሎ ነበር ሆዱ፤ ያቺን ነው በኋላ ለራሱ ይቅር ማለት ያቃተው።

የነበረውን የኋላ ጎማ መልሶ ገጠመ። አዲሶቹን ከፊት አደረገ። ሲጨርስ ሞላ እንደ ልማዱ ቢጫውን ቀለም ሲጠብቅ ቆመ። ፀጋይ ጣሳውን አነሣና ክዳኑን ተጭኖ ዘጋው። በሠላሳ ዓመት ምልክቱን ያላሳረፈበት የመጀመሪያ ሥራው ይህ ሆነ።

ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ጋቢና ገባ። ሞላ ይህን እያየ ሞተሩን አስነሣ። ፀጋይ ሻንጣውን ሞላ እንዳያይበት በእግሩ ገፋ አድርጎ ከኮምፕሬሰሩ ኋላ ደበቀው።

"መልካም መንገድ" አለ።

ዶልፊኑ ጭቃ እየረጨ ወደ ደቡብ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ተዋጊዎቹ መርሳ ገቡ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ። የቀረው ሰው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ተዋጊዎቹ አንድ ቀን ፒክአፕ ይዘው መጡና ጎማ አሠሩት። ስሙን ሲሰሙ በትግርኛ "አባ ፀጋይ" አሉት። እናቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቋንቋ ፊት ለፊት ሲጠሩት የመጀመሪያው ነው፤ የጠሩት ግን ጠመንጃ አንግተው ነው፤ ደስ ሊለው ነው ወይስ ሊያለቅስ እንደሆነ አላወቀም። በእግር ፓምፕ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ነፋላቸው። "የት ላድርገው?" ብሎ ግን አልጠየቀም፤ የት እንደሚሻልም አልነገራቸውም። ባሉት ቦታ ገጠመ።

ቶይባ ከመንገዱ ማዶ ሆና ታይ ነበር። ቶይባ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ አሻግራ ደጁ ላይ በተጋደመው ጎማ ላይ ታስቀምጥለት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ብርጭቆው ቀረ። አልፈረደባትም። እሱም በእሷ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር አያውቅም።

መስከረም ውስጥ በእግሩ ከውጫሌ የመጣ አንድ ሰው ቶይባ ቤት ተቀምጦ ሲያወራ ፀጋይ ከደጁ ሆኖ ሰማው። ነሐሴ ላይ፣ ሰው ሲሸሽ፣ ጥምዝምዙ ላይ ነጭ ዶልፊን ገደል ገባች ይላል። ፀጋይ መፍቻውን ሳያስቀምጥ ተሻገረ።

"ታርጋዋን አይተሃል?"

"ኧረ ማን ታርጋ ያያል! ዝናብ ነበር። ኋላዋ ዞሮ ነው የገባችው አሉ።"

ቶይባ መፍቻውን የያዘ እጁን አየች፤ ፊቱን አየች። ለስንት ሳምንት ያላናገረችው ሴት "አብሽሩ ጋሽ ፀጋይ" አለችው፣ "ነጭ ዶልፊን ስንት አለ፣ ወላሂ። ሁሉም ነጭ አይደል?"

አልተጽናናም። ኋላዋ ዞሮ። ይህቺ ቃል ከእሱ ጋር መኖር ጀመረች። አብራው ትበላለች፣ አብራው ትቀመጣለች። እሑድ እሑድ ዘነበች መቃብር ሄዶ ይነግራታል። "ሃያ ሰው ነበሩ። ልጅ ያዘለችም ነበረች። አውቅ ነበር እኮ ዘኑዬ፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ገድያቸው ይሆን?" መቃብር አይመልስም፤ እሱም መልስ ፈልጎ አልነበረም፤ የሚነግረው ሌላ ሰው ስላልነበረው ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ በእግሩ ወደ ውጫሌ መንገድ ጀመረ። ወድቃ እንደሆነ የወደቀችውን በዓይኑ ሊያይ፣ ብሎኖቹ ላይ ቢጫ መስመር አለመኖሩን ሊያይ። ውርጌሳ ሳይደርስ ተዋጊዎቹ መለሱት። "ወዴት ነው?" ሲሉት "ጎማ ለማየት" ብሎ መለሰ። እንደ እብድ አዩትና ለቀቁት።

ታኅሣሥ ላይ ተዋጊዎቹ ሄዱ፣ ሠራዊት ገባ፣ የሸሸውም ሰው መመለስ ጀመረ። ፀጋይን ሦስት ቀን ይዘው ጠየቁት። ቶይባ ሄዳ "በግድ ነው ያሠሩት፤ ዓይኔ አይቷል" ብላ መሰከረችለትና ወጣ። ወጣ እንጂ ሥራ አልጠበቀውም። መናኸሪያው አጠገብ አዲስ ጎሚስታ ተከፍቷል፤ ሹፌሩ ሁሉ እዚያ ነው። አዲሱ ጎሚስታ ባሉት ቦታ ይገጥማል፤ አይጨቃጨቅም። ፀጋይ በየቀኑ በሩን ከፍቶ የሚያልፈውን ነጭ ዶልፊን ሁሉ ታርጋ እያነበበ ይውላል።

ጥር ሲገባ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ዶልፊን ከደሴ በኩል መጥታ ደጁ ላይ ቆመች። ታርጋዋን አወቀው። ግን ቀድሞ ያየው ሹፌሩን አልነበረም፤ ጎማውን ነው።

አዲሶቹ ከኋላ ናቸው።

ጎንበስ ብሎ ቀረበ። በብሎኖቹ ላይ፣ ከየብሎኑ እስከ ቸርኬው፣ መስመር ተሥሏል። ቢጫ አይደለም፤ ቀይ ነው። ሰካራም የሳበው ይመስላል፤ የተጣመመ፣ አንዳንዱ ብሎኑን ስቶ ያለፈ። ግን ሁሉም ብሎን ላይ አለ፤ አንድም አልተዘለለም።

ሞላ ወርዶ አጠገቡ ቆሟል። ግማሽ ሰው ሆኗል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

"የጥፍር ቀለም ነው" አለ። "ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ልጅ ይዛ ነበር። ሌላ ቀለም ከየት ላምጣ?"

"የት ነው የቀየርከው?"

"ውርጌሳ ሳንገባ። ሰዉን ዝናብ ላይ አውርጄ።" ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገ። "ጥምዝምዙ ላይ ከፊታችን የነበረች ዶልፊን ገባች። አየናት። የእኔም ኋላ ትንሽ ሸተት ሊል ብሎ ያዘ። ያዘልኝ፣ ፀጋይ። ከዚያ ደሴ፣ ደሴም ሲጨንቅ ደብረ ብርሃን... ስልክ የለ፣ ምን የለ።"

ፀጋይ እጁን ጎማው ላይ አሳርፎ ቆየ። አምስት ወር ትከሻው ላይ የተቀመጡ ሃያ ሰዎች አንድ በአንድ ሲወርዱ ተሰማው፤ ልጅ ያዘለችውም ወረደች። ደስ አለው፤ እንባውም መጣ። እንባውን በክንዱ ጠርጎ ግን ወደ ሞላ ዞረ።

"ሞላ።"

"እ።"

"በዚያ ዝናብ ስታወርዳቸው ምን አልካቸው?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሁለቱም መልሱን ያውቁት ነበር።

"የኔ ልማድ ነው አልኳቸው" አለ ሞላ። "ሃያ ስድስት ዓመት የነዳሁት አዲሶቹን ከኋላ አድርጌ ነው፣ አይሆንም ያለ እዚሁ ይቅር አልኩ።"

"ስሜን አልጠራህም።"

"አልጠራሁም።"

"እዚህም ዝም አልክ፣ እዚያም ዝም አልክ።"

"ፈራሁ፣ ፀጋይ። ያንተ ወዳጅ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ።"

ፀጋይ ሊያቅፈው ፈለገ፤ መፍቻውን አንሥቶ ሊወረውርበትም ፈለገ። ሁለቱንም አላደረገም። ሞላ ቃሉን አምኖ ነበር፤ ያመነውን ያህል ግን ስሙን ደበቀ። ፀጋይ ከየትኛው ሞላ ጋር እንደሚኖር ገና አላወቀም።

ሞላ የኋላውን በር ከፈተ። ሁለት አዲስ ጎማ ተጋድመዋል።

"የፊቶቹ ጨርሰው አልቀዋል። እስከዚህ የመጣሁት በእግዚአብሔር ኃይል ነው። መናኸሪያው ጋ ሌላ ጎሚስታ አለ አሉኝ፤ አልቆምኩለትም።"

ከማዶ ቶይባ ቤት ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል። ሹፌሮችም አሉበት፤ በሻያቸው ላይ እንዳጎነበሱ በቅንድባቸው ያያሉ። ፀጋይ ቀና አለ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንንም ያልጠየቀውን ጠየቀ።

"የት ላድርጋቸው?"

ሞላ የድሮው ጠብ የተመለሰ መስሎት ፈገግ አለ። የፀጋይን ፊት ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ገባው። ወደ ማዶ በዓይኑ ሰረቅ አደረገና ዝቅ ባለ ድምፅ "አንተ እንዳልከው" አለ።

"አልሰማሁህም።"

"አንተ እንዳልከው አልኩ እኮ።"

"አልሰማሁህም፣ ሞላ።"

ሞላ ላቡን ጠረገ። ፊቱን ወደ ቶይባ ቤት አዞረ። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ረዳት ሲያጣ መናኸሪያ ላይ "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ በሚጣራበት በዚያ ድምፁ ጮኸ።

"ፀጋይ ባለው ቦታ! ፀጋይ ከኋላ ይሁን ካለ ከኋላ ነው! ነሐሴም ያተረፈን እሱ ነው! ሃያ ሰው!"

የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ቶይባ ጀበናው አጠገብ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሞላ ቆሞ ቀረ፤ ማንም ድንጋይ አልወረወረበትም።

ፀጋይ ክሪኩን አስገብቶ የኋላዎቹን ፈታና ወደ ፊት አመጣቸው፤ አዲሶቹን ከኋላ ገጠመ። ሥራውን ሲጨርስ ገብቶ የቀለሙን ጣሳ አወጣ። ከነሐሴ ጀምሮ ስላልተከፈተ ክዳኑ ደርቆ ተጣብቋል። በመፍቻ ጠርዝ ሊፈነቅለው ሲሞክር ጣሳው ከእጁ እያመለጠ አስቸገረው። ሞላ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያዘለት።